ሹሙ ተነሣ፤ ግብሩስ?

ጆ ባይደን ከፕሬዚዳንታዊው ውድድር መውጣታቸውን ያስታወቁት ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ምሽት ሲሆን፣ እኔም በዚያ ሰሞን ከቨርጂኒያ እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ደብረ ማርቆስ ነበርሁ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለዴሞክራቲክ ፓርቲ በበጎ ፈቃድ ቤት ለቤት የምቀሰቅስ ሰው ስለሆንሁ፣ በማግስቱ የደወሉልኝ ባልደረቦቼ ሁሉ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንቷ ካማላ ሃሪስ በባይደን ምትክ ቀርበው ያሸንፋሉ ወይ?

ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። እስከ ምርጫው ቀን የቀሩት 107 ቀናት ብቻ ነበሩ። ሃሪስ ከአራት ዓመት በፊት ለነበረው ምርጫ ተወዳድረው፣ ገና አንድም ድምፅ ሳይሰጥ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ላይ ከውድድሩ ወጥተዋል፤ በዚህኛውም ዙር ሕዝብ የፓርቲውን ዕጩ በሚለየው የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ አልመረጣቸውም። ባራክ ኦባማ እንኳ የዚያን ዕለት ባወጡት መግለጫ ባይደንን ሲያመሰግኑ የሃሪስን ስም አልጠሩም፤ ድጋፋቸውን የገለጹት ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

ጡረተኛ መምህር የሆኑት አጎቴ ነገሩን በራዲዮ ሲከታተሉ ቆይተው ኖሮ፣ የተማሪ ደብተር አውጥተው በሰማያዊ እስክሪብቶ ሠንጠረዥ አሰመሩ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት በየግዛቱ ቁጥራቸው የተወሰነ ወኪል መራጮች ስለሆኑ፣ ፔንስልቬኒያ 19፣ ሚሺጋን 15፣ ዊስኮንሲን 10 ብለው ጽፈው 44 ደመሩ። ለዴሞክራቶች አስተማማኝ የሚባሉትን ግዛቶችና ከኔብራስካ የሚገኘውን አንድ ድምፅ አንድ በአንድ እያስነገሩኝ 226 ካደረሱ በኋላ፣ ሁለቱን ሲደምሩ ልክ 270 መጣ፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የወኪል መራጮች ቁጥርም ይኸው ነው። «አየህ ልጄ፣ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል በሌላ ካልተካ አለቀ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሴት በመሆናቸው ነው የሚሸነፉት የሚሉም አሉ» ስላቸው አልተቀበሉኝም። ዘውዲቱ በነገሡበት አገር ይህ ምክንያት እንደማያሳምናቸው ገልጸው፣ ወደ 1960 ዓ.ም. ወሰዱኝ። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ድጋሚ እንደማይወዳደሩ አስታውቀው፣ ምክትላቸው ሁበርት ሃምፍሬይ በመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ ሳይወዳደሩ ዕጩ ሆኑ፤ የቬትናምን ጦርነት ሸክም ይዘው ቀርበውም በኒክሰን ተሸነፉ። አጎቴ ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ። የበለጠ የሚያስታውሱት ግን በዚያው ዓመት የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ማመፁን ነው። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡና ሌላ ተሾመ፤ ከዚያም የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። «ገበሬውን ያበረደው የአዲሱ ሹም መልክ አይደለም፤ የቀረለት ግብር ነው። እኒህ ሴትዮስ ምን ያስቀሩለታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ወደ አሌክሳንድሪያ ተመልሼ በሮችን ሳንኳኳ፣ ከየቤቱ የሚወጡት የአገሬ ልጆች ስለ ዕጩዋ ማንነት እምብዛም አልጠየቁኝም። የሚያነሡት የቤት ኪራይን፣ የእንቁላል ዋጋን፣ የመኪና ኢንሹራንስን ነበር። በመስከረም መጨረሻ መስመር መቀየር የሚቻልበት ዕድል መጥቶ ነበር። ሃሪስ በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ከባይደን የተለየ ምን ያደርጉ እንደነበር ተጠይቀው፣ ወደ አእምሯቸው የሚመጣ ነገር እንደሌለ መለሱ። የአጎቴን ጥያቄ ያን ዕለት እንደ ሰማሁት ያህል ተሰማኝ፤ አዘንሁም፤ ምክንያቱም ለእኚህ ሴት ከልቤ ደክሜያለሁ።

ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ሃሪስ ቨርጂኒያን ቢያሸንፉም ሦስቱንም ግዛቶች አጡ፤ የመጨረሻው ውጤት 312 ለ226 ሆነ። በእኛ አካባቢ ያሉ የፓርቲው ሰዎች አሁንም ጥፋቱን በሰዓቱ ማጠር ወይም በሕዝቡ ላይ ያላክካሉ። ሰዓቱ ማጠሩ እውነት ነው፤ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት እስከ ሐምሌ ድረስ እንዲወዳደሩ የፈቀደው ግን ፓርቲው ራሱ ነው። በመራጩ ላይ የሚወረወረውን ወቀሳ ግን አልቀበልም። እኔ ያንኳኳኋቸው ቤቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች ኑሯቸውን ነግረውናል፤ እኛ ደግሞ የዕጩዋን ፎቶግራፍ የያዘ ወረቀት ሰጥተናቸው ወደሚቀጥለው በር አለፍን።