ኢስታንቡል፣ አንድ ቲኬት ለሁለት

ባለቤቴ ሦስት ጥንድ ጫማ ይዞ ነው የወጣው። አንዱ ለእግር መንገድ፣ አንዱ ለዝናብ። ሦስተኛው ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፤ "ምናልባት ደህና ቦታ ብንገባ" ይላል። ያጠራቀምናትን ገንዘብ በጥንቃቄ እየቆጠርን፣ ቦርሳ ጀርባችን ላይ አዝለን፣ ርካሽ አልጋ እየፈለግን ነው የምንዞረው። ደህናው ቦታ የቱ እንደሆነ እሱ ያውቃል። የእኔ ቦርሳ የእሱን ግማሽ አይሆንም። ሻምፑም የጥርስ ሳሙናም ግን የምወስደው ከእሱ ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልሳቅኩበትም።

ስለ ኢስታንቡል የተጻፈ ሞልቷል። የትኛው መስጊድ፣ የትኛው ገበያ፣ የትኛው ጣፋጭ። እኔ ልጽፍ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ ኪስ እያወጡ፣ በማያውቁት ከተማ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይለያዩ ሲውሉ ምን ይሆናሉ? እኛ የሆንነውን ልንገራችሁ።

ከተማው ቦስፎረስ በሚባል ጠባብ ባሕር ተከፍሎ አንዱ ወገን አውሮፓ፣ ሌላው እስያ ነው። ትልቁ ኤርፖርት ከመሀሉ ሩቅ ነው፤ በአውሮፓው በኩል፣ ወደ ጥቁር ባሕር ተጠግቶ ነው የተሠራው። ሜትሮም አውቶቡስም አለው። መጀመሪያ ኤቲኤም ጋ ሄድን። ማሽኑ "በካርድህ ገንዘብ ልመንዝርልህ?" ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። እምቢ በሉት። ምንዛሬውን ለራሳችሁ ባንክ መተው ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ከዚያ ኢስታንቡልካርት የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ ገዛን። ትራሙም፣ ሜትሮውም፣ አውቶቡሱም፣ ጀልባውም በእሱ ነው። አንዱን ካርድ ለሁለት ተጠቀምንበት። አንዴ ለእሱ፣ አንዴ ለእኔ ማስነካት ነው። ካርዱ እኔ ጋ ስለሚቀመጥ እሱ ያለ እኔ የትም አይሄድም። ይህ ነገር በኋላ ችግር ሆነ፤ እመለስበታለሁ።

ያረፍነው ገላታ ግንብ አካባቢ ነው። ግንቡን የሠሩት የጣልያኗ ጄኖዋ ሰዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1348። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቦርሳ አዝሎ ወደ እሱ መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከታች ከካራኮይ ጀምሮ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ የቀረው ደረጃ ነው። ባለቤቴ በየመታጠፊያው ይቆማል። "ፎቶ ላንሳ ብዬ ነው" ይላል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። እዚያው ሥር ቱኔል የሚባል አጭር የምድር ውስጥ ባቡር አለ። እ.ኤ.አ. በ1875 የተከፈተ፣ በዓለም ከለንደኑ ቀጥሎ አንጋፋው ነው። ዳገቱን በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ቦርሳ የያዘ ሰው በእሱ ይውጣ፤ ዳገቱን በባዶ እጁ ሌላ ቀን ያየዋል።

ሆስቴሉ ውስጥ ለብቻችን ክፍል ከፍለን ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ በጣም ትሁት ነው። በጣም ትሁት ሆኖ ክፍላችሁ ውኃ አፍስሷል አለን። የገንዘቡን ልዩነት መለሰልን፤ ስምንት ሰው የሚተኛበት የጋራ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ሰጠን። ባለቤቴ ከላይ፣ እኔ ከታች።

ተደራራቢ አልጋ ለባልና ሚስት የሚመች ነገር አይደለም። ዝም ብሎ ለመተኛት ምንም አይል ይሆናል። ለመጨቃጨቅ ግን አይሆንም። እኛ ደግሞ ተጨቃጨቅን። ምክንያቱ ፕሮግራም ነው። እሱ ቀኑን በሰዓት ከፋፍሎ ስልኩ ላይ ጽፎታል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አያ ሶፍያ፣ አራት ሰዓት እዚህ፣ አምስት ተኩል እዚያ። ለምሳ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። እኔ ደግሞ አንድ በረንዳ ላይ ሻይ ይዤ ሰው ሳይ ካልዋልኩ የሄድኩ አይመስለኝም። እዚህ ሻይ በወገቡ ቀጠን ባለች ትንሽ ብርጭቆ ነው የሚቀርበው። ሦስት ካልጠጡ ምኑም አይታወቅም። የእሱ ፕሮግራም ላይ ደግሞ አንድም ሻይ የለም።

ክፍሉ ጨልሟል። ስድስት ሰው ተኝቷል፣ አንዱ ያንኮራፋል። መናገር ስለማይቻል በሆስቴሉ ዋይፋይ በቴክስት ተጣላን። እኔ ከታች እጽፋለሁ፣ ከላይ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ አልጋው ሲጥ ይላል፣ መልስ ይመጣል። "ለማረፍ ከሆነ ቤታችን ይሻል ነበር" አለኝ። "ለመሮጥ ከሆነ ስታዲየም ይሻል ነበር" አልኩት። ረጅም መልስ እየጻፈ እንደሆነ ከአልጋው ድምፅ አወቅኩ። ከዚያ ቆመ። ቀና ብዬ ሳየው ስልኩ ደረቱ ላይ እንደበራ እንቅልፍ ወስዶታል። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ተደርጎ ይኮረፋል?

ጠዋት ያስታረቀን ገንዘብ ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። አያ ሶፍያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እንደገና መስጊድ ሆኗል። ለጸሎት የሚመጣ ሰው በነፃ ምድር ቤቱ ይገባል። ጎብኚ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው የሚወጣው፤ እኛ ስንሄድ መግቢያው 25 ዩሮ ነበር። ለሁለት 50 ማለት ነው። በሃምሳ ዩሮ እኛ ብዙ ሾርባ እንበላለን። ሰማያዊው መስጊድ ከፊት ለፊቱ አለ፤ ስድስት ሚናራ ያለው፣ መግቢያው ነፃ ነው፤ ጸሎት ሲሆን ብቻ ጎብኚ አያስገቡም። እኔ ፀጉሬን ሸፍኜ፣ እሱ ጫማውን በላስቲክ ይዞ ገብተን ወጣን። ግን አያ ሶፍያን ሳላይ አልሄድም አልኩ። እሱ ደግሞ ልቡ ያለው ከመሬት ሥር ያለው የጥንት የውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ነው። እሱም ርካሽ አይደለም።

"በቃ አንቺ ያንን ግቢ፣ እኔ ይህን ልግባ" አለ። "ስንገናኝ እንነጋገራለን።"

ለየብቻ ገባን። እስካሁን በዚህ ጉዞ ካደረግነው ሁሉ ብልጡ ነገር ይህ ነው።

አያ ሶፍያ እ.ኤ.አ. በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነው የተጠናቀቀው። ይህን ቁጥር ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ከፎቁ ሆኖ ጉልላቱን ቀና ብሎ ማየት ደግሞ አንገት ያሳምማል። ፎቁ ላይ አንድ የክርስቶስ ሞዛይክ አለ። የታችኛው ክፍል ረግፎ ጠፍቷል፤ ፊቱ ግን አለ። እሱን ቆሜ ሳይ ቆየሁ። "ቶሎ በይ" የሚል ሰው የለም። ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ ግን እብነ በረዱ መደገፊያ ላይ የተጫረ ነገር ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ከሰሜን አውሮፓ የመጣ አንድ ሰው በራሱ ፊደል ስሙን ቦርቡሮበታል። አብዛኛው ጠፍቶ የሚነበበው "ሃልፍዳን" የሚለው ስም ነው። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቅጥር ወታደር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እኔ ሳስበው ቅዳሴው የረዘመበት ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ሾርባ ቤት ተገናኘን። የቀይ ምስር ሾርባ፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ዳቦው የፈለጉትን ያህል ነው። ለቀናት ምሳችን ይህ ነው።

"እሺ ንገረኝ" አልኩት።

"336 ምሰሶ አለው" አለ። "28፣ 28 ሆነው በ12 ረድፍ ቆመዋል። እያንዳንዱ ዘጠኝ ሜትር ገደማ።"

ባለቤቴ እንዲህ ነው። ቁጥር ስጡት።

"ምሰሶውን ተወው። ምን ይመስላል?"

አሰበ። ዳቦውን ቆረሰ። "ጨለማ ነው። ይቀዘቅዛል። ከላይ ውኃ ይንጠባጠባል፤ አንዷ አንገቴ ላይ ጠብ አለችብኝ፣ ዘልዬ አንዲት ሴትዮ ረገጥኩ።" ከዚያ ስለ ሜዱሳ፣ ፀጉሯ እባብ ስለሆነው የግሪክ ተረት ሴት፣ ነገረኝ። መጨረሻ አካባቢ ሁለት ምሰሶዎች የቆሙት በድንጋይ የተቀረጸ የሜዱሳ ራስ ላይ ነው። አንዱ ራስ በጎኑ ተኝቷል፣ ሌላው ተዘቅዝቋል። "ማን ይሆን እንዲህ ያስቀመጠው?" እያለ የሾርባውን ማንኪያ አዘቅዝቆ አሳየኝ። እኔም ስለ ሃልፍዳን ነገርኩት። ሁለተኛ ሾርባ አዘዝን። በዚያ ሳምንት እንደዚያ ተጫውተን አናውቅም። አብረን ገብተን ቢሆን ምን እንነጋገር ነበር? ሁለታችንም ያየነውን ማን ይተርካል?

ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣን። ጠዋት አብረን። ከምሳ በኋላ ለየብቻ። ያ አንዱ ካርድ ችግር የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ለእሱም አንድ ገዛን። ሲም ካርድ ግን አንድ ብቻ ነው ያለን፣ እሱ ጋ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ የማያሳስት ቦታ ያስፈልጋል። ኤሚኖኑ ብዬ ነበር መጀመሪያ፣ እዚያ ግን የጀልባ መሣፈሪያው ብዙ ነው፤ ሰው ይጠፋፋል። ከእስያው ወገን፣ ካዲኮይ፣ አንድ የበሬ ሐውልት አለ። የከተማው ሰው የሚቀጣጠረው እዚያ ነው። እኔም እዚያ ቆምኩ። ዙሪያዬን ያለው ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ሌላ ሰው ይጠብቃል። አንዷ ልጅ በጣም ተናዳለች። ልጁ ሲመጣ አበባ ይዟል፤ አበባውን ተቀብላ መናደዷን ቀጠለች። ወደድኳት።

ወደ ካዲኮይ የሚያሻግረው ጀልባ ለእኔ ከሙዚየሞቹ ሁሉ ይበልጣል። ከባሕር ሥር የሚያልፍ ባቡርም አለ፣ ማርማራይ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይሠራል። ለሚቸኩል ሰው ጥሩ ነው። ጀልባው ግን በከተማ ትራንስፖርት ዋጋ፣ በሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ከአውሮፓ እስያ ያወርዳል። ወደቡ ላይ "ቦስፎረስ ጉብኝት!" እያሉ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። እለፏቸው፤ ሠራተኛው ከሥራ የሚመለስበት ጀልባ ላይ ውጡ። ውስጡ ሻይ ይሸጣል። ውጪ ያለው ወንበር ላይ ብትቀመጡ ደግሞ ሰው ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ፣ ሲሚት የሚሉትን፣ እየቆረሰ ለወፎቹ ሲወረውር ታያላችሁ። ወፎቹ በአየር ላይ ነው የሚቀልቡት።

ታላቁ ባዛር? ሂዱ፣ እሑድ ግን ዝግ ነው። እኔ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቻልኩም። ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ቆይቶ አንድም ነገር ሳይገዛ ሦስት ጊዜ ሻይ ተጋብዞ ወጣ። ጥቁሩን ጫማ አድርጎ ነበር የሄደው። "አየሽ?" አለኝ።

ዛሬ ማታ ወደ ካፓዶቅያ እንሄዳለን፣ በሌሊት አውቶቡስ። እዚህ አገር የረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ጎን ለጎን አያስቀምጡም፤ ቲኬት ሲቆረጥ ጾታ ይጠየቃል። ቲኬት ቆራጩ እኛንም ቀና ብሎ አየን።

"አብራችሁ ናችሁ?"

"አዎ" አለ ባለቤቴ።

"እስከ ምሳ ሰዓት" አልኩ እኔ። የመስኮቱን ወንበር ወሰድኩ።