የሴሬቤለምን ትምህርት በውሃ ፕሪዝም እንዴት እንደምለካ

ለገጣፎ አካባቢ ለባዮሎጂ ተማሪዎች የማሠራው ይህ ሙከራ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። የሚፈልገው መስታወት ቆራጭ፣ ሲሊኮን፣ የግራይንደር መነጽር፣ ብርድ ልብስ፣ ሜትርና በቤት የሚገኙ ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ነው። ዕይታን ወደ ጎን የሚያዛባ ፕሪዝም ያደረገ ሰው ዒላማ ላይ ሲወረውር መጀመሪያ ይስታል፤ ጥቂት ከወረወረ በኋላ ያስተካክላል። ፕሪዝሙን ሲያወልቅ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይስታል። ይህን የመጨረሻውን ስህተት "ቅሪት ስህተት" እለዋለሁ። ብዙ ሰው መስተካከሉን አይቶ "ተማረ" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን ቅሪቱን ሳልለካ ሴሬቤለም (እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል) ተማረ አልልም።

ፕሪዝሙን የምሠራው ከባለ 3 ሚሊ መስታወት ነው። 6 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች በአንድ ጠርዝ ይገጥማሉ፤ በሌላው ጠርዝ በ3.1 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ያን ክፍት ወገን 3.1 በ5 የሆነ ሦስተኛ ቁራጭ ይዘጋዋል። ላይና ታች ደግሞ ጎኖቻቸው 6፣ 6 እና 3.1 የሆኑ ሦስት ማዕዘኖች ይገባሉ። በዚህ ልክ በቀጭኑ ጫፍ ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ይሆናል። ጠርዙን በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በሲሊኮን ማጣበቅ፣ ከዚያ ለ24 ሰዓት አለመንካት። ከላይኛው ሦስት ማዕዘን አንዱን ጥግ ክፍት እተውና በስሪንጅ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ እሞላለሁ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ውስጡ አየር ስላለው ፀሐይ ሲያገኘው አረፋ ይሠራል፤ አረፋውም ዕይታ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጠብታ በረኪና ከተጨመረበት ቶሎ አረንጓዴ አይሆንም።

ልኩን ሳያረጋግጡ መጀመር አይገባም። ግድግዳ ላይ ሜትር በአግድም ለጥፌ ከ2 ሜትር ርቀት በፕሪዝሙ የላይኛው ጠርዝ በኩል አያለሁ፤ ከጠርዙ በላይ እውነተኛው ሜትር፣ ከጠርዙ በታች የተዛባው ይታያል። የ30 ዲግሪ የውሃ ፕሪዝም ብርሃንን በ10 ዲግሪ አካባቢ ያጣምማል፤ ይህም በ2 ሜትር ላይ ወደ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከተነበበ የውስጡ ማዕዘን ወደ 25 ዲግሪ ወርዷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ሲሊኮኑ ሳይደርቅ መስታወቶቹ ሲቀራረቡ ነው። ፕሪዝሙን በመነጽሩ ቀኝ ዓይን ላይ ወፍራሙን ወገን ወደ ቀኝ አድርጌ አጣብቃለሁ፤ ዒላማው ወደ ግራ ሄዶ ይታያል። የግራውን ዓይን በጥቁር ፕላስተር እሸፍናለሁ። ክብደቱ ከ100 ግራም ስለሚያልፍ መነጽሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ካዘነበለ መዛባቱ ሰያፍ ይሆንና የአግድም ልኬቱ ይበላሻል። ላስቲኩን ማጥበቅና ቀጥ ያለ የበር ጠርዝ በፕሪዝሙም ቀጥ ብሎ እንደሚታይ ማየት ግድ ነው።

የሚወረወረው በአሮጌ ካልሲ ጫፍ የታሰረ 50 ግራም ምስር ነው፤ ኳስ ይነጥራል፣ ምስር ግን ባረፈበት ይወድቃል። ላዩን የጠመኔ ዱቄት እነሰንስበታለሁ። ጥቁር ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ላላ አድርጌ እሰቅላለሁ፤ መሐሉ ላይ የዒላማ መስቀል፣ ከሥሩ ሜትር። ወርዋሪው 2 ሜትር ላይ ይቆማል፤ አገጩ ሥር ያለ ካርቶን እጁን እንዳያይ ይከልለዋል። ያለ ፕሪዝም 20፣ በፕሪዝም 40፣ ከወለቀ በኋላ 30 ውርወራ። ቀኝ ያረፈ በመደመር፣ ግራ ያረፈ በመቀነስ ምልክት ይመዘገባል።

የመጀመሪያዎቹ የፕሪዝም ውርወራዎች ብዙ ጊዜ 36 ሴንቲ ሜትር ሙሉ አይስቱም፤ ፕሪዝሙ ተበላሸ ብላችሁ አትደናገጡ። አንጎል ከክፍሉ ጠርዝና ከራሱ አካል አቅጣጫ መረጃ ስለሚወስድ የተወሰነውን ያርማል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ወርዋሪው ብልጥ ሲሆን ነው። ሁለቴ ሦስቴ ከሳተ በኋላ "ወደ ቀኝ ልወርውር" ብሎ ያሰላል፤ ስህተቱም ወዲያው ዜሮ ይገባል። ግራፉ በጣም ያምራል። መነጽሩ ሲወልቅ ግን ስሌቱን ይተወዋልና ቀጥ አድርጎ ይወረውራል፤ ቅሪት የለም። ስለዚህ ትእዛዜ አጭር ነው፦ "መስቀሉን እይ፣ የምታየው ቦታ ላይ ወርውር፣ አታስላ።" መዝጋቢውም ቁጥሩን ጮክ ብሎ አያነብም፤ "20 ሴንቲ ግራ" የሚል ድምፅ ስሌትን ይጋብዛል።

ሁለተኛው ችግር መዘግየት ነው። ወርዋሪው ያረፈበትን ቦታ ወዲያው ማየት አለበት። ሺገሩ ኪታዛዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳዩት ከሰከንድ በታች የሆነ መዘግየት እንኳ ማስተካከሉን ያዳክማል። ለዚህ ነው "ዓይንህን ጨፍን፣ አሁን ክፈት" እያሉ ማሠራት ሙከራውን የሚገድለው።

ምክንያቱ ሲናፕስ (ሁለት ነርቮች መልእክት የሚቀባበሉበት ቦታ) ላይ ነው። አንድ የፑርኪንጄ ሴል (የሴሬቤለም ዋና ነርቭ) ከ100,000 በላይ ሲናፕሶችን ፓራለል ፋይበሮች ከተባሉ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይቀበላል፤ እነዚህ ስለ ክንዱ፣ ስለ ዓይኑና ስለተላከው ትእዛዝ ይነግሩታል። ኢንፌሪየር ኦሊቭ ከተባለው የአንጎል ግንድ ክፍል የሚመጣው ክላይሚንግ ፋይበር የተባለ ሌላ የነርቭ ክር ግን ለአንድ ሴል አንድ ብቻ ነው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይተኩሳል፣ ስህተት ሲኖርም መልእክቱን ያደርሳል። ሁለቱ ተቀራርበው ሲደርሱ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም በብዛት ይጨምራል፤ ፒኬሲ የተባለው ኢንዛይም ይነሣሣል፤ ግሉታሜት የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚቀበሉት የአምፓ ተቀባዮች ከሽፋኑ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ያ ሲናፕስ ደከመ ማለት ነው። ዴቪድ ማር በ1969፣ ጄምስ አልበስ በ1971 በዚህ መንገድ መማር እንደሚቻል በንድፈ ሐሳብ አቀረቡ፤ ማር ሲናፕሱ ይጠነክራል ሲል አልበስ ይደክማል አለ። መድከሙን በሙከራ ያሳዩት በ1982 ማሳኦ ኢቶና ባልደረቦቹ ናቸው። የፑርኪንጄ ሴል ከሥሩ ያሉትን ኒውክሊየሶች (ትእዛዙን የሚያወጡ የነርቭ ሴሎች ክምችቶች) ስለሚያግድ ግፊቱ ሲቀንስ እገዳው ይላላል፤ የሚወጣው ትእዛዝም ይለወጣል። ክላይሚንግ ፋይበር ሳይተኩስ ፓራለል ፋይበር ብቻውን ሲሠራ ደግሞ ሲናፕሱ መልሶ ሊጠነክር ይችላል። መነጽሩ ከወለቀ በኋላ ቅሪቱ የሚጠፋበት አንዱ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። ጊዜውም ጠባብ ነው፤ በ2016 በአይጥ ፍሎኩለስ (የሴሬቤለም አንድ ክፍል) ላይ በተሠራ ጥናት የስህተቱ መልእክት ከፓራለል ፋይበሩ 120 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ሲደርስ ነው ለውጡ የታየው።

ይሁን እንጂ ሰሌዳ ላይ "የሲናፕስ መድከም እኩል ይሆናል ትምህርት" ብሎ መጻፍን አጥብቄ እቃወማለሁ። በ2011 የወጣ ጥናት ይህ መድከም የተወገደባቸው አይጦች እንደ ሌሎቹ መማር መቻላቸውን አሳይቷል። መጠንከሩም፣ በመካከለኛ ነርቮች ላይ ያለው ለውጥም፣ በኒውክሊየሶች ላይ የሚከማቸው ትውስታም ድርሻ አላቸው።

መነጽሩ የሚወልቅበት ደቂቃ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወርዋሪው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፤ ረዳቱ መነጽሩን ያወልቅለትና የምስሩን ካልሲ እጁ ላይ ያኖርለታል። ጎንበስ ብሎ ካልሲ ካነሣ፣ ስልኩን ከነካ ወይም ሰው ከጨበጠ እጁን እያየ ስለሚያርም ቅሪቱ ሳይለካ ይባክናል። እኔ የምጠቀመው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውርወራዎች አማካይ ነው፤ ከመነሻው 20 ውርወራ የተለመደ መበተን ካልበለጠ "ትምህርት አልታየም" ብዬ እመዘግባለሁ። ከ30ው ውርወራ በኋላ ወደ መነሻው ያልተመለሰ ተማሪ እስኪመለስ ይወረውራል፤ ደጅ ላይ ባጃጅ ያለበት አስፋልት ስላለ ቅሪት ይዞ እንዲወጣ አልፈቅድም።

ጊዜ ካለ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ከላይ (እጁን ከትከሻው በላይ አንሥቶ) እየወረወረ በፕሪዝም የተለማመደን ሰው መነጽሩ እንደወለቀ መጀመሪያ ከታች ወደ ላይ አስወርውሩት፣ ቀጥሎ ከላይ። ቶማስ ታችና ባልደረቦቹ በ1996 እንዳሳዩት በአብዛኛው ሰው ላይ የከታቹ ቀጥ ይላል፣ የከላዩ ይስታል። ቅደም ተከተሉን ግን በየተማሪው አፈራርቁ፤ አለበለዚያ የከታቹ ውርወራ ቅሪቱን አጥቦት እንደሆነ መለየት አይቻልም።