የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ቤት ውስጥ ሳሙና መሥራት የጀመርን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንገዛው ሽታ የብርቱካን ነው። ከሌሎቹ አንጻር ርካሽ ነው፣ የማይወደው ሰው የለም፣ ቤቱን ያውደዋል። እኔም በዚያው ነው የገባሁበት። እያደር ግን ሳሙናውን ወደ ጎን ብዬ ዘይቱን ራሱን ማጥናት ያዝኩ። ምን አለበት? ከየት መጣ? ለምን አንዳንድ ቦታ ተአምር ይሠራል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ጠፍቶ ይቀራል? የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። የቆያችሁበት ካላችሁ ጨምሩበት።

ነገሩ የገባኝ ዘይቱን ለሁለት ከፍዬ ማየት ስጀምር ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜም እስከ 95 በመቶ የሚደርሰው፣ ሊሞኒን የሚባል አንድ ንጥረ ነገር ነው። የቀረችው ጥቂት እጅ ደግሞ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ናት፤ ዴካናል፣ ኦክታናል፣ ሊናሎል፣ ሲኔንሳል እያለ ይቀጥላል። የሚገርመው፣ ሊሞኒን ብቻውን ሽታው ደካማ ነው። ብርቱካንን ብርቱካን የሚያሸትተው ያ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ሥራው ማሟሟት ነው። ስለዚህ ለጽዳት ስትገዙት የምትፈልጉት 95ቱን ነው፤ ለሳሙናና ለሽቶ ስትገዙት ግን 5ቱን።

በነገራችን ላይ ሊሞኒን እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ብርቱካን ሌላው ሎሚ ይሸታል የሚል ትምህርት በየቦታው ታገኛላችሁ። ሁለት ዓይነት መሆኑ እውነት ነው፤ የሽታው ነገር ግን ስህተት ነው። በሎሚ ልጣጭ ውስጥም በብዛት ያለው ያው ብርቱካን ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው።

የሊሞኒንን ሥራ በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ላብራቶሪ አያስፈልግም። የብርቱካን ልጣጭ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጉ። ደቃቅ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ዘይት የቋጠረች ከረጢት ናት። ያሉትም ባለቀለሙ ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል መራራ ነው እንጂ ዘይት የለውም። አሁን ሻማ አብሩና የልጣጩን ውጭ ወደ ነበልባሉ አዙራችሁ እጠፉት። ቅጭጭ እያለ ብልጭታ ይረጫል። የሚነደው ሊሞኒን ነው። ልጆች በጣም ይወዱታል፣ ፊታቸውን ግን አርቁላቸው።

ሁለተኛው የበለጠ ያስገርማል። ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም አለ አይደል? እሱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጉ። ድምፅ የለም፣ ጭስ የለም። ጠብታዋ ዝም ብላ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች። ዙሪያው ይኮማተራል፣ ጉድጓዱ እየሰፋ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ከሥሩ የሚያጣብቅ ነገር ብቻ ይቀራል። ፎሙ አልተቃጠለም፤ ፕላስቲኩ ሟሟና በውስጡ የታጨቀው አየር ወጣ። ሶኒ በ1990ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓን ውስጥ የተጣለ ፎም በሊሞኒን እያሟሟ መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል ሠርቶበታል። ይህን ያየ ሰው ዘይቱን በተገኘው ፕላስቲክ ዕቃ አያስቀምጥም። ጎማ ጫፍ ባለው ማንጠባጠቢያም ዘግታችሁ አትተዉት፤ ጎማው ያብጣል።

ቤት ውስጥ ከሁሉ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ከማር ወይም ከማርማላታ ጠርሙስ ላይ ወረቀቱ ሲላጥ የሚቀረውን ሙጫ ታውቁታላችሁ። በሙቅ ውሃ ብትፈትጉት ይዝለገለጋል እንጂ አይለቅም። ጨርቅ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ትንሽ መታገስ፣ ከዚያ መጥረግ። በቃ። ምድጃው አካባቢ ግድግዳ ላይ የጋገረ ቅባትም እንዲሁ ነው። ብቻ ዘይቱን ውሃ ውስጥ ጨምሮ መርጨት ዋጋ የለውም፤ አይቀላቀሉም፣ ላይ ላዩ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ከዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር አዋህዱት፣ ውሃው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቀለም የተቀባና የተወለወለ ዕቃ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት ደግሞ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት።

ዘይቱ ለምን ከሌሎች ረከሰ? ምክንያቱም ማንም ለዘይቱ ብሎ ብርቱካን አያለማም። የጁስ ኢንዱስትሪው ተረፈ ምርት ነው።

ዛፉ ራሱ ዲቃላ ነው። የጣፋጭ ብርቱካን ወላጆች ፖሜሎ (ትልቅ ፍሬ ያለው የብርቱካን ዘመድ) እና መንደሪን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይና ተመራማሪዎች ሙሉ ጂኖሙን አንብበው ይህንኑ አረጋግጠዋል። አገሩ ደቡብ ቻይናና አካባቢው ነው። ወደ ሜዲትራኒያን ቀድሞ የደረሰው መራራው ብርቱካን ነበር፣ በአረቦች በኩል። ጣፋጩ ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጄኖዋና በፖርቱጋል ነጋዴዎች እጅ ተስፋፋ። ኮሎምበስ በ1493 ለሁለተኛ ጊዜ ሲሻገር የብርቱካን ዘር ይዞ ሄዷል። ዛሬ የዓለም የብርቱካን ጁስ ዋና ምንጭ ብራዚል ነው፣ በተለይ የሳኦ ፓውሎ ግዛት። ብራዚል በዚህ ሥራ የገነነችው በ1962 መጨረሻ ፍሎሪዳን ውርጭ ከመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከውርጭ የባሰ መጣ። ሳይትረስ ግሪኒንግ የሚሉት በሽታ በ2004 ብራዚል ውስጥ፣ በ2005 ፍሎሪዳ ውስጥ ተገኘ። ትንሽ ነፍሳት የምታስተላልፈው ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ፍሎሪዳ በ2003/04 ከ240 ሚሊዮን ሣጥን በላይ ታመርት ነበር። በ2022/23 ከ20 ሚሊዮን በታች ወረደ። ጁሱ ሲቀንስ ልጣጩም ይቀንሳል፣ ልጣጩ ሲቀንስ ዘይቱ ይወደዳል። «ለምን ጨመረ?» እያላችሁ ነጋዴውን ብቻ የምታማርሩ፣ ነገሩ ከዚያ ይጀምራል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የላይኛው አዋሽ እርሻዎች፣ ኑራ ኤራና መርቲ፣ በብርቱካን ስማቸው የታወቀ ነው። የመርቲ ማርማላታ ያልበላ የአዲስ አበባ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ልጣጩን ሻይ ውስጥ መጣል፣ አድርቆ ፍም ላይ ማጨስ ደግሞ የቆየ ልማዳችን ነው። የቆላ ብርቱካን ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር አልበሰለም ብላችሁ አትለፉት። ቀለሙን ወደ ብርቱካናማ የሚለውጠው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ ሙቀት ባለበት ቦታ በስሎም አረንጓዴ ይሆናል።

ዘይቱ እንዴት ይወጣል? ዋናው መንገድ ያለ እሳት መጭመቅ ነው። ድሮ በሲሲሊና በካላብሪያ ሠራተኞች ልጣጩን በእጃቸው ስፖንጅ ላይ ይጫኑት ነበር። ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፣ ስፖንጁ ይጠጣል፣ ከዚያ ሸክላ ዕቃ ውስጥ ይጨመቃል። አሁን ማሽን ልጣጩን ይወጋል ወይም ይፍቃል፣ ውሃ ያጥበዋል፣ ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት የሚሽከረከር መለያ ማሽን) ዘይቱን ከውሃው ይለየዋል። ከ1 ቶን ብርቱካን የሚገኘው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ፌስታል ብርቱካን ጠርሙስ ሙሉ ዘይት የሚያወጣ ቪዲዮ ስታዩ ሳቁና እለፉ። ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ልጣጭ በወይራ ወይም በሱፍ ዘይት ሲዘፈዘፍ ነው። እሱ ሽታ የገባበት የምግብ ዘይት ነው። ክፉ አይደለም፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ በእንፋሎት ነው የሞከርኩት። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ይፈላል፣ ትነቱ በመቃው ይሄዳል፣ ቀዝቃዛው ጋ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ሊሞኒን ብቻውን ቢሆን የሚፈላው 176 ዲግሪ ላይ ነው። ከውሃ ጋር ግን ስለማይቀላቀል ሁለቱ አብረው ከውሃው መፍያ በታች ይተናሉ። ባለቀለሙን ሽፋን ብቻ በመፈቅፈቂያ ፈቀፈቅሁ። ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጨመርኩ፣ መሃሉ ላይ ጎድጓዳ የብረት ሳህን አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን ገልብጬ በረዶ ሞላሁበት። ትነቱ ክዳኑ ላይ ይቀዘቅዝና ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል። የተገኘው ውሃ ነው፤ በላዩ ላይ ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት የምትንቀጠቀጥ ስስ የዘይት ሽፋን አለች። በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ነው የሰበሰብኳት። ሽታዋ ከተጨመቀው ትንሽ የበሰለ ይመስላል፣ ቀለምም የላትም። የተጨመቀው ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠቀሙ። የዚህ ዘይት ትነት 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እሳት ይይዛል። በጋዝ ወይም በከሰል አትሞክሩት።

ሳሙናው ጋ ስንመጣ፣ ሁላችንም የምናማርረው አንድ ነገር ነው። ስንሠራው ቤቱ ሁሉ ብርቱካን ይሸታል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ደርቆ ሲወጣ ሽታው የለም። ሊሞኒን ተኖ ይሄዳል፣ እነዚያን ጥቂት ጥሩ ሽታዎችም ቅባቱን ሳሙና የሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ ይነካካቸዋል። ዘይት በመጨመር አይፈታም። አንዱ መፍትሔ 5 እጥፍ ወይም 10 እጥፍ ተብሎ የሚሸጠውን መጠቀም ነው። ሊሞኒኑ በብዛት ተቀንሶለት ሽታው የተከማቸበት ነው። የተቀነሰው ሊሞኒን ደግሞ አይጣልም፤ ለጽዳት ዕቃ ይሸጣል፣ የናና ሽታ ያለው ካርቮንም ይሠራበታል። ማስቲካችሁ ናና ሲሸት ምናልባት ሥሩ ብርቱካን ነው።

ሌላው መፍትሔ እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው፣ እኔም በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ዕጣን! ከመተማና ከትግራይ የሚመጣው የእኛ ዕጣን ከሶማሌው ዕጣን ዛፍ የተለየ ዝርያ ነው። የዘይቱ ዋና ክፍል ኦክታይል አሲቴት የሚባል ነው፣ ሽታው ወደ ብርቱካን የሚጠጋ። ይኸው ንጥረ ነገር ብርቱካን ውስጥም በጥቂቱ አለ። ስለዚህ ሁለቱን ስታዋህዱ አንዱ ሌላውን አይጋፋም። የዕጣኑ ከባድ ክፍል ቀስ ብሎ ስለሚተን ብርቱካኑ ሲሄድ ሽታው ባዶ አይሆንም። እኔ ለ1 ኪሎ ቅባት በጠቅላላው 30 ግራም ሽታ እጠቀማለሁ፤ ከሱ ሩብ ያህሉ የዕጣን ዘይት ነው። የምጨምረውም ሳሙናው መወፈር ሲጀምር ነው፣ ቀድሜ አይደለም። ቀረፋ የምትወዱ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ሳሙናውን በአንዴ ያጠነክረዋል፣ ቆዳም ያቃጥላል።

ስለ ቆዳ ካነሳን፣ የጣፋጭ ብርቱካን ዘይት ፀሐይ ሲነካው ቆዳ ከሚያቃጥሉት ወገን አይደለም። ተጨምቆ የወጣ የሎሚ፣ የመራራ ብርቱካንና የቤርጋሞት (ሌላ የብርቱካን ዘመድ) ዘይት ግን ናቸው። እነሱን ተቀብታችሁ ፀሐይ አትውጡ። የጣፋጩ ችግር ሌላ ነው፦ እርጅና። ሊሞኒን አየር ሲያገኘው አለርጂ ወደሚያመጡ ነገሮች ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያ ላይ ሊሞኒን እንዲጻፍ የሚያስገድደው ለዚህ ነው፤ ቆዳ ላይ በሚቀር ነገር ከ0.001 በመቶ፣ በሚታጠብ ከ0.01 በመቶ ከበለጠ። ሽታው ወደ ቀለም ማቅጠኛ ካደላ ለሰውነት አይሁን፣ ለሙጫ ማስለቀቂያ አውሉት። ጥቁር ብርጭቆ፣ ቀዝቃዛ ቦታ፣ እስከ አፉ የሞላ ጠርሙስ። ሲጎድል ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት። ለሰውነት 2 በመቶ፣ ለፊት 1 በመቶ ይበቃል፤ 100 ሚሊ የወይራ ዘይት ውስጥ 2 ሚሊ፣ ማለትም 40 ጠብታ ገደማ። ድመት ያላችሁ ዲፊውዘሩን (ሽታውን ቤት ውስጥ የሚያሰራጨውን ዕቃ) ተዉት፣ ለድመት መርዝ ነው።

ስለ መድኃኒትነቱ የሚወራው ብዙ ነው፣ አብዛኛው አይዋጥልኝም። ደህና ሆኖ ያገኘሁት በ2000 (እ.ኤ.አ.) የቪየና ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። በጥርስ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቁ 72 ሰዎችን ነው ያዩት፤ የብርቱካን ሽታ ባለበት ክፍል የጠበቁት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ተገኝቷል። ወንዶቹ ላይ አልታየም። ይሄን ያህል ነው። ካንሰር ይፈውሳል ከሚለው ጋር ምንም አያገናኘውም።

ስትገዙ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ከሆነ ይተናል፣ ቢበዛ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ምልክት ይተዋል። የቅባት ክብ ከቀረ የምግብ ዘይት ተጨምሮበታል። ርካሽ ሊሞኒን የተጨመረበትን ግን ወረቀት አይለየውም፤ እሱን የሚያጋልጠው አፍንጫ ነው፣ ከታወቀ ዘይት ጎን ለጎን አድርጎ ማሽተት።

ቀጥሎ ያሰብኩት ከሰፈር ጁስ ቤት ጋር ተነጋግሬ የዕለቱን ልጣጭ መውሰድ ነው። ድስቱ ለዚያ አይበቃም፤ ቱቦ ያለው ማውጫ ያስፈልገኛል። የማይዝግ ብረት ቱቦ ሳይጨፈልቅ የሚጠመዝዝ ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ። መጋጠሚያው ላይ ጎማ የሚያስገባ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።