ሳይንስ ፊክሽንን በእርሳስና በካልኩሌተር ማንበብ

ስለ ሳይንስ ፊክሽን ልብወለድ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ክርክር «ይሄ ነገር በእውን ይቻላል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ያጓጓል፤ መጽሐፉን ለመመዘን ግን ብዙም አይጠቅምም። ከብርሃን የሚፈጥን መንኮራኩር የለም ብሎ የተነሳ ሰው የዘውጉን ግማሽ ሳያነበው ሊጥለው ነው። በንባብ ቡድናችን የምንሠራው በሌላ መንገድ ነው። ደራሲው «ይህችን ብቻ በነጻ ስጡኝ» የሚለንን አንድ ነገር ለይተን እንጽፋለን፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ግን ሒሳብ እንጠይቀዋለን። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በነጻ የሚሰጠውን ነገር ሃያሲው ዳርኮ ሱቪን «ኖቩም» ይለዋል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። መጽሐፉን ሩብ ያህል ካነበባችሁ በኋላ ኖቩሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ «በዚህ ዓለም እንዲህ ስለሆነ፣ እንዲህ ሆኗል» በሚል መልክ። የመጀመሪያው ግማሽ አያስቸግርም። መጽሐፉ የሚፈተነው በሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ከኖቩሙ የተወለዱ ቢያንስ አምስት ውጤቶችን ፈልጋችሁ መዝግቡ። ለዚህ ልምምድ የኡርሱላ ለግዊንን «ዘ ሌፍት ሃንድ ኦፍ ዳርክነስ» (1969) የሚስተካከል አላገኘንም። የአንዲት በረዷማ ፕላኔት ሰዎች ቋሚ ጾታ የላቸውም፤ በወር አንዴ ገደማ ለጥቂት ቀናት ወንድ ወይም ሴት ይሆናሉ፤ የትኛውን እንደሚሆኑ አስቀድሞ አይታወቅም። ከዚህ ምን ይከተላል? ማንም ሰው ሊያረግዝ ስለሚችል «የሴት ሥራ» የሚባል ነገር የለም። ለእነዚያ ቀናት ከሥራ ፈቃድ ይሰጣል። አንዱ ሰው የአንዳንድ ልጆች እናት፣ የሌሎች ደግሞ አባት ይሆናል፤ ዘር የሚቆጠረውም በወለደው በኩል ነው። ንጉሡ ራሳቸው ያረግዛሉ፤ የዙፋን ወራሽ ጉዳይም ከዚያ ይነሳል። ኖቩሙን አውጡት፣ ታሪኩ ይፈርሳል። በአንጻሩ መንኮራኩሩን በመርከብ፣ ሌዘሩን በጠመንጃ ተክታችሁ ምንም ካልተለወጠ የያዛችሁት የባሕር ወንበዴ ታሪክ ነው። ግሩም የባሕር ወንበዴ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ በነጥብ መስጫ ቅጻችን (ዝርዝሩ ከታች አለ) በኖቩም ረድፍ ግን ነጥብ የለውም።

በመጀመሪያው ንባብ አትቁሙ። በኅዳጉ ላይ ፊደል ብቻ ጣል እያደረጋችሁ እለፉ፦ ለኖቩም ውጤት «ኖ»፣ መፈተሽ ላለበት ቁጥር «ቁ»፣ ታሪኩን አቁሞ ለሚያስተምር አንቀጽ «ማ»፣ ገጸ ባሕርይን ለሚያሳይ ቦታ «ሰ»። በስልክ የሚያነብ ሰው በአራት ቀለም ማቅለም ይችላል። «ማ» የበዛበት መጽሐፍ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ማብራሪያው ከአንድ ገጽ ካለፈ ግን ወደፊት ሄዳችሁ ያ እውቀት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ ወይ ብላችሁ ፈትሹ። ይቅር የማንለው ሁለት መሐንዲሶች ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር «እንደምታውቀው» እያሉ ሲነጋገሩ ነው።

ካልኩሌተር የሚወጣው በ«ቁ» ምልክቶቹ ላይ ነው። የአንዲ ዊርን «ዘ ማርሺያን» እንውሰድ። ታሪኩ የሚጀምረው በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ የማርስ ማዕበል ነው፤ መነሻ ሮኬቱን ሊጥለው ስለሆነ ቡድኑ አንድ ሰው ትቶ ይሸሻል። የነፋስ ኃይል የሚወሰነው በአየሩ እፍጋትና በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። በምድር፣ በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1,225 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በማርስ 20 ግራም አካባቢ ነው። ልዩነቱ 60 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። የ60 ስኩዌር ሩት 7.7 ስለሚሆን 175ን ለ7.7 አካፍሉ፤ 23 ይመጣል። ማለትም ያ አስፈሪ ማዕበል ሮኬቱን የሚገፋው በምድር ላይ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሚገፋበት ኃይል ነው፤ አቧራና ወረቀት ያነሳል እንጂ ሮኬት አይጥልም። ዊር ራሱም ይህን እያወቀ ለታሪኩ ሲል እንዳስገባው ተናግሯል።

ታዲያ ስንት ነጥብ ይቀነስ? እዚህ ላይ ብዙ ገምጋሚ ይስታል። ስሕተቱ ትልቅ ነው፣ ግን በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ምዕራፎች በማዕበሉ ላይ አልቆሙም። ስለዚህ ግማሽ ነጥብ ይበቃዋል። ማርስ ላይ የቀረው ሰው ለምግቡ በማርስ አፈር የሚያበቅለው ድንች ጉዳይ ይከብዳል። ፊኒክስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ2008 በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ ጎጂ ጨው አግኝታለች፤ ልብወለዱ አያነሳውም። ጨው በውኃ ስለሚሟሟ አፈሩን አጥቦ መዝራት ይቻል ነበር፤ ለዚያ ግን ውኃ ይፈለጋል፣ መጽሐፉም ውኃን በሊትር እየቆጠረ የሚሄድ ነው። ታሪኩን ተሸክሞ በሚሄደው ሒሳብ ውስጥ የጎደለ ቁጥር ስለሆነ አንድ ሙሉ ነጥብ እንቀንሳለን። ስሕተትን በትልቅነቱ ሳይሆን በላዩ ባረፈው ሸክም መዝኑት።

ሁለተኛው ምሳሌ የዡል ቬርን የጨረቃ መድፍ ነው (1865)። የመድፉ ርዝመት 900 ጫማ፣ ማለትም 274 ሜትር ነው፤ ጥይቱ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የፍጥነቱን ስኩዌር ለርዝመቱ እጥፍ አካፍሉ፤ 11,000 ሲባዛ በ11,000፣ ሲካፈል ለ548። ውጤቱ 220,000 ገደማ ይሆናል። ይህን ለ9.8 ስታካፍሉት የምድርን ስበት ከ22,000 ጊዜ በላይ እጥፍ ታገኛላችሁ። 70 ኪሎ የሚመዝን ተሳፋሪ በዚያች ቅጽበት ከ1,500 ቶን በላይ ይከብዳል። ቬርን ከወለሉ ሥር ውኃ አኑሮ ሊያድናቸው ሞክሯል፤ አያድናቸውም። የሚገርመው ይህ መጽሐፍ ዛሬ የሚወደሰው በ«ትንቢቱ» መሆኑ ነው፤ ከናሳ መቶ ዓመት ቀድሞ ፍሎሪዳን መረጠ ይባልለታል። እውነት ነው፣ መርጧል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር፦ ጨረቃ ከአናት በላይ ቀጥ የምትለው ከምድር ወገብ እስከ 28 ዲግሪ ባለው ክልል ብቻ ስለሆነ ነው። ናሳ ከፍሎሪዳ ያስወነጨፈው የምድር መሽከርከር ስለሚያግዝና በምሥራቅ በኩል ውቅያኖስ ስላለ ነው። ለዚህ ነው በቅጻችን ላይ ለትንቢት ረድፍ የሌለው።

ቁጥሩ የሚገጥምለት ደራሲ ሲገኝ ደግሞ ደስ ይላል። በአርተር ክላርክ «ራንዴቩ ዊዝ ራማ» (1973) የባዕዱ ሲሊንደር ውስጣዊ ሬዲየስ 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ4 ደቂቃ አንዴ ይሽከረከራል። 6.28ን ለ240 ሴኮንድ አካፍላችሁ ስኩዌሩን በ8,000 ስታባዙ 5.5 ገደማ ይመጣል፤ ከምድር ስበት ግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ይኸው ሒሳብ ለሌሎችም መጻሕፍት ይሠራል። ሬዲየሱ 10 ሜትር በሆነ መንኮራኩር ሙሉ የምድር ስበት አለ ከተባለ በ6 ሴኮንድ ገደማ አንዴ መዞር አለበት፤ እዚያ ውስጥ አንገቱን ዞር ያደረገ ሰው ይጥወለወላል። ገጸ ባሕርያቱ ተዝናንተው ቡና ከጠጡ «ቁ» ተብሎ ይመዝገብ።

በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጥቂት ቁጥሮች ይኑሩ። የሬዲዮ መልእክት ከምድር ማርስ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ቅርብ ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በብርሃን ፍጥነት 90 በመቶ ለሚጓዝ ሰው ጊዜ 2.3 ጊዜ ይዘገያል፤ በ99 በመቶ 7 ጊዜ። በግማሽ ፍጥነት ግን 1.15 ብቻ ስለሆነ «በግማሽ ፍጥነት ሄዶ ወጣት ሆኖ ተመለሰ» የሚል ታሪክ አይሠራም።

ነጥብ የምንሰጠው ከ20 ነው፦ ለኖቩሙና ለውጤቶቹ 6፣ ለሰዎቹ 5፣ ለትረካውና ለቋንቋው 4፣ ለሳይንሱ ስምምነት 3፣ ለአጨራረሱ 2። ሳይንሱ 3 ብቻ መሆኑ ፊዚክስ የሚወዱትን ያስቆጣል። የሊዩ ሲሺንን «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብሌም» ብትወስዱ ግን ሳይንስን ብቻ መመዘን የት እንደሚያደርስ ይታያል። መጽሐፉ ለፀሐይ ቅርብ በሆነው የኮከቦች ስብስብ፣ በአልፋ ሴንታውሪ፣ ሦስት ፀሐዮች ሥርዓት በሌለው ዙረት ዓለምን ሲያጠፉ ያሳያል። በእውኑ ሁለቱ ኮከቦች ተጠጋግተው ሲዞሩ ሦስተኛዋ፣ ፕሮክሲማ፣ እጅግ ርቃ ስለምትገኝ ሥርዓቱ የተረጋጋ ነው። ይህን ስሕተት ብለን ብንቆርጥ መጽሐፉ ገና ሳይጀመር ይወድቃል። ነገር ግን በነጻ የተሰጠው ይኸው ራሱ ነው፤ መመዘን ያለበት እንዲህ ባለ ሰማይ ሥር የኖረ ሕዝብ ምን ዓይነት ፖለቲካና ምን ዓይነት ፍርሃት ይኖረዋል የሚለው ነው።

መጽሐፉን በዘጋችሁበት ምሽት ነጥብ አትስጡ፤ ትልቅ ሐሳብ ለጥቂት ቀናት ያሰክራል። ከሳምንት በኋላ ሳትገልጡ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጻፉ። መሣሪያዎቹን ሁሉ አስታውሳችሁ የአንድም ሰው ፍላጎት ካልመጣላችሁ «ሰዎቹ» የሚለው ረድፍ ከ2 ማለፍ የለበትም። በቡድን ስትሠሩ ሁሉም በወረቀት ጽፎ በአንዴ ይግለጥ፤ ቀድሞ የተናገረ ሰው የሌላውን ነጥብ ወደ ራሱ ይጎትታል። አማካዩን ብቻ አትያዙ። አንዱ 18፣ አንዱ 6 ሰጥተው 12 የወጣለት መጽሐፍና ሁሉም 12 የሰጡት መጽሐፍ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ላይ ሙሉ ውይይት ይገባል።

ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ የምናነበው ራሱ ትርጉም ስለሚሆን የኅትመቱ ዓመትና የተርጓሚው ስም ከቅጹ አናት ላይ ይጻፍ። የስታኒስላቭ ሌም «ሶላሪስ» በፖላንድኛ የወጣው በ1961 ነው፤ የ1970ው እንግሊዝኛ የተተረጎመው ግን ከፈረንሳይኛው ነው፤ በቀጥታ ከፖላንድኛ የተተረጎመው በ2011 መጣ። የ1970ውን ይዛችሁ «ቋንቋው ደረቅ ነው» ብትሉ የምትቀጡት ማንን እንደሆነ አይታወቅም። የሊዩ መጽሐፍም በ2014ቱ እንግሊዝኛ ስለ ቻይና የባህል አብዮት የሚተርኩትን ምዕራፎች ወደ መጀመሪያው አምጥቷል፤ በ2008ቱ የቻይንኛ እትም መሐል ላይ ነበሩ።

ካልኩሌተሩን ለመለማመድ ቬርን ይሻላል፤ ቁጥሮቹን ሁሉ በግልጽ ያስቀምጣል፣ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ የቅጂ መብቱም ስላበቃ በነጻ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጡት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን ስሌት ያለባቸውን ቦታዎች እየቆረጡ ስለሚያልፉ ቁጥር ሲጠፋባችሁ ወይም ሳይገጥም ሲቀር ደራሲውን ከመክሰሳችሁ በፊት አዲስ ትርጉም ወይም ፈረንሳይኛውን ተመልከቱ።