ሽሮ ሜዳ በረዶ፣ ቦሌ ፀሐይ

ዛሬ ከሰዓት ሽሮ ሜዳ ላይ በረዶው የሱቆቹን ቆርቆሮ ሲደበድበው እዚያው ቆሜ ነበር። የሀበሻ ቀሚስ ሻጮቹ የሰቀሉትን በጥድፊያ ያወርዳሉ። አስፋልቱ ወዲያው ነጭ ሆነ። ቦሌ ለምትኖረው እህቴ ስደውልላት ግን፣ "የምን ዝናብ? ልብስ አስጥቻለሁ እኮ!" አለችኝ።

አዲስ አበባ እንዲህ ናት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። ቀን የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ተራራው ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ደመናው ጠባብ ነው። አንዱን ሰፈር አጥቦ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል።

ድሮም ያው ነበር። ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሲኖሩ ብርዱ ከባድ ነበር። እቴጌ ፍልውሃ ወርደው ሜዳውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ እዚያ ተቆረቆረች።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ወንዝ ዳር ያሉት ወገኖቻችን ናቸው። እነሱ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣ እንጦጦ ላይ የዘነበው በቀበና ወንዝ በኩል ድንገት ይመጣባቸዋል። እባካችሁ ላይ ሰፈር ያላችሁ፣ ዶፍ ሲጥል ታች ላሉት ዘመዶቻችሁ ቶሎ ደውሉላቸው። ልጆቹን ከወንዙ ያርቁ።