አሸንዳው፣ ምጣዱና ያላለቀው ቤታችን

በግንቦት 2017 ከኪራይ ቤት ወጥተን፣ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ተዳፋት ላይ ወደ ሠራነው ቤት ስንገባ ኮርኒሱ አልተመታም፤ ወለሉም ከሊሾ አላለፈም ነበር። እስኪያልቅ መጠበቅ ያልቻልነው የቤት ኪራይና የግንባታ ዕዳ በአንድ ደመወዝ አብረው ሊኖሩ ስላልቻሉ ነው። ቦታውን ያገኘነው በማኅበር ተደራጅተን ሲሆን፣ ቤቱ 72 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ የብሎኬት ቤት ነው። የሲሚንቶውን፣ የፌሮውንና የቆርቆሮውን ወጪ ያሰፈርኩበትን ደብተር የገባን ዕለት ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን መልሼ አወጣሁት።

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነው። ልስኑ ያለቀው በሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ግንበኛውም «ግድግዳው ውሃውን ይትፋ፤ ቢቻል እስከ መስከረም ቀለም አታስነካው» ብሎ መክሮኛል። እኔ ደግሞ ለቤት ምርቃቱ የሚመጣው ዘመድ በግራጫ ልስን መሀል ተቀምጦ እንዲመርቀን አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ተበድሬ እስከ ግድግዳው ወገብ ድረስ የዘይት ቀለም አስቀባሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምት ላይ ጉም ቤት ድረስ የሚገባባት ከተማ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው በሚያገኟት ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ቶሎ የሚደርቅ ልስን እዚህ ጊዜውን ይወስዳል። በግድግዳው ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋው ጀመር፤ በሐምሌ የመኝታ ቤቱ ጥግ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ አበጠ። በጣቴ ብጫነው ቀለሙ እንደ ላስቲክ ተልጦ ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ልስን ገና እርጥብ ነበር። የምርቃቱ ዕለት ግን ሁሉም ቀለሙን አድንቋል፤ ይህን መካድ አይገባም።

በዚያው ሐምሌ አንድ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ሌላውን ጉድ አወጣው። ከቤቱ ጀርባ ከላይ የወረደው ጎርፍ የኩሽናውን ግድግዳ ተደግፎ አደረ፤ ጠዋት ስንነሳ ከሊሾውና ከግድግዳው መገጣጠሚያ ውሃ ይመነጭ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን መጥተው አዩና በከዘራቸው ወደ ጓሮው ጠቆሙ። «ይኸ እኮ ድሮም የጎርፍ መሄጃ ነበር፤ አፈሩን ማን ነው እዚህ የደፋው?» አሉ። የመሠረቱን ቁፋሮ አፈር የማስጫኛ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ እዚያ ያስደፋሁት እኔው ራሴ ነበርኩ። «እኔ ነኝ ሐጂ» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፤ እንግዲያው አንተው አንሳው» ብለው ስቀው ሄዱ።

አፈሩን ለማንሳት፣ በድንጋይ የተሠራ ቦይ ከጓሮ እስከ መንገዱ ዳር ለማውጣትና አሸንዳ ለማስገጠም የወጣው ገንዘብ ለሳሎኑ ሴራሚክ ያስቀመጥነው ነበር። አሸንዳውን የገጠመው ባለሙያ ያለ በቂ ተዳፋት ስለገጠመው ውሃው መሀል ላይ እየቆመ ከዳር ይፈስ ነበርና ሌላ ሰው ጠርቼ በድጋሚ ከፍዬ ተዳፋቱን አስተካከልኩት። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ወጪ የማልጸጸትበት አሸንዳው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ወደ ሮቶው የሚፈሰው የጣሪያችን ግማሽ 40 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 25 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ደህና ዝናብ ጥቂት ባክኖም ወደ 1,000 ሊትር ገደማ ያስገባልናል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ይህ ልብስ ማጠቢያ፣ ወለል መወልወያና መጸዳጃ ቤት የሚደፋ ውሃ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን የጣሪያውን አቧራ ስለሚያወርድ ወደ ሮቶው አናስገባውም።

ኪራይ ቤት ሳለን የመብራት ሒሳብ ከቤት ኪራዩ ጋር ተጠቃሎ ስለሚከፈል የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሚበላ አስቤ አላውቅም ነበር። የራሳችን ቆጣሪ ሲገባ ግን ፊቱ ቆሜ ማየት ጀመርኩ፤ ባለቤቴ «ቆጣሪውን ነው ያገባኸው?» እስክትለኝ ድረስ። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስንጋግር በአራት ሳምንት 56 ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚከፈልና ዝቅተኛው ዋጋ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የተወሰነ በመሆኑ፣ አንድ አምፖል ሳናበራ ምጣዱ ብቻውን ከርካሹ እርከን ያስወጣናል። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ነው። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ሳይቀዘቅዝ በርከት አድርገን እንጋግራለን፤ ከማጋያው ጊዜ አንዱ ይቀርልናል። ኮምቦልቻ ቢሆን እንጀራው በአራተኛው ቀን ይሻግት ነበር፤ የደሴ ብርድ ቀለማችንን ቢያበላሽም በዚህ ክሶናል።

ደብተሩ አሁን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በየወሩ የማይቀረውን ማለትም መብራትን፣ ውሃን፣ ዕድርን፣ ዕቁብንና ወደ ሥራዬ ኮምቦልቻ የምመላለስበትን የሚኒባስ ሒሳብ ይይዛል። በሁለተኛው ያልተሠሩት ነገሮች ተጽፈዋል። የንብረት ታክስ አዋጁ በጥር 2017 ስለጸደቀ፣ ሒሳቡ ሲመጣ እንዳልደነግጥ ለእሱም አንድ መስመር ክፍት ትቻለሁ። የዕቁቡ ዕጣ ሲደርሰን ሴራሚክ ወይስ ኮርኒስ በሚለው ላይ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ሌሊት የቆርቆሮው ብርድ ቀጥታ ልጆቹ አልጋ ላይ ስለሚወርድ ኮርኒሱ አሸንፏል። የመኝታ ቤቱን ጥግ ቀለሙን ፍቄ በግራጫው ትቼዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ በሩን እንዘጋዋለን።