ለወላጆቻችን መታጠቢያና ሽንት ቤት የእጅ መያዣ መትከል፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ እስካሁን የደረስንበት

ብረቱ ብዙም አያስቸግርም። ከ32 እስከ 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ፣ ከግድግዳው 4 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ያለ ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ሰው ሲንሸራተት ክንድ ሾልኮ ይገባና ይሰበራል፤ ከጠበበ ጣት አይዞርበትም። ስቴንለስ ካጣችሁ ብየዳ ቤት በጋልቫናይዝድ ቱቦ አሠሩ፤ ብየዳው ጋልቫናይዙን ስለሚያቃጥለው ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ቦታውን አንቲረስት አስቀቡት። በአየር የሚጣበቀውን የፕላስቲክ መያዣ ግን እባካችሁ ለአረጋዊ አትግዙ። የድሬ ውሃ ሴራሚኩ ላይ የሚተወው ነጭ ቅሪት አየር ያስገባና ሳይታሰብ ይለቃል።

ጣጣው ግድግዳው ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ቪቴው የሚገባበት ፕላስቲክ) እና ቪቴ የሚይዘው የፊቱን ስስ ገጽ ብቻ ነው። ለመስታወት ይበቃል፤ ሰው ተደግፎ ሲነሳ ግን ወደ ውጭ ስለሚስበው ቀስ በቀስ ይላላል። የግድግዳው ጀርባ የራሳችሁ ከሆነ ግድግዳውን ብሱና 10 ሚሊሜትር ብሎን አሳልፉ፣ በጀርባ 10 በ10 ሴንቲሜትር ጠፍጣፋ ብረት አድርጋችሁ በሮንዴላና በዳዶ እሰሩ። ጀርባው የጎረቤት ከሆነ የብሎኬቱን ገጽ ክፈቱ፣ ከታች ጆንያ ወትፉ፣ ከዚያ በ1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ደቃቅ ጠጠር ሙሉት። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት፣ እርጥብ ጆንያም ማልበስ ግድ ነው፤ በድሬ ሙቀት ካልጠጣ ይፈረፈራል። መሰርሰር ከዚያ በኋላ ነው። ሴራሚክ ካለ ፑንታው (የድሪሉ መብሻ) እስኪያልፈው ድረስ ድሪሉን እየመታ በሚበሳበት የመዶሻ ምልክት ላይ አታድርጉ፣ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል።

ጀጎል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ ያለው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሌላ ነው። ብሎኑ ጭቃው ላይ ካረፈ ድንጋዩን ይዞ ይነቀላል። እዚያ ግድግዳውን ትታችሁ ከወለል የሚነሳ ምሰሶ ብታቆሙ ይሻላል፦ 50 ሚሊሜትር ቱቦ፣ 40 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ ዙሪያው ኮንክሪት። ወደ ነደባው (የሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ያለው መቀመጫ) የሚወጡበት ጠርዝ አጠገብም እንዲሁ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ከመቆፈራችሁ በፊት የቅርስ ቢሮውን ጠይቁ።

ከፍታውን ከሰውየው ውሰዱ። ጫማቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ይቁሙ፤ ከወለል እስከ እጅ አንጓቸው ያለው የአግድሙ መያዣ ልክ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ሴንቲሜትር ይመጣል። ቁጢጥ ለሚባልበት ሽንት ቤት ቀጥ ብሎ የቆመ መያዣ ይሻላል፣ ከወለል ከ40 እስከ 110 ሴንቲሜትር፣ ከእግር ፊት ለፊት ወይም በጎን ትንሽ ወደፊት። ከኋላ ከሆነ ሲነሱ ወደ ኋላ ይጥላቸዋል።

ዉዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ) የሚደረግበት ቧንቧ ላይ ብረት ብቻውን አይበቃም፤ እግር ሲታጠብ ሁለቱም እጅ ይያዛል። 45 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የሲሚንቶ መቀመጫ ሥሩና መያዣውን ለመነሻ አጠገቡ ትከሉ።

ወላጆች ከመንካታቸው በፊት ከመካከላችሁ ከባዱ ሰው በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ይንጠልጠልበት። ጊቢ ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ከላዩ ጥላ ሥሩለት፤ እኩለ ቀን ላይ የጋለውን ብረት የነኩ እናት ደግመው አይይዙትም።